«ፀረ እንግዳ አካል» ስለተባለው ስያሜ፤ የቃሉና የነገሩ አለመጣጣም

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ከተመለሱት የሕክምና ስያሜዎች መካከል «ፀረ እንግዳ አካል» የሚለው ከባለሙያው መዝገብ ወጥቶ በሕዝብ አፍ ከገቡት አንዱ ነው። በተለይ ኮቪድ 19 ወደ ሀገራችን ከገባበት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በጤና ትምህርት ጽሑፎች ሲነገርና ሲጻፍ ቆይቷል። ስያሜው የሚያመለክተው፣ ሰውነት ለባዕድ ነገር ምላሽ አድርጎ የሚሠራውንና በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን የፕሮቲን ዓይነት ነው። ይኸው ነገር በባለሙያዎች ዘንድ የውጭውን ድምፅ ተከትሎ «አንቲቦዲ» ይባላል።

ይህ ጽሑፍ ስያሜውን በሁለት በኩል ይመረምራል። አንደኛው የቃሉ አመሠራረት ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ስያሜው ሳይንሱ ዛሬ የደረሰበትን ዕውቀት ለመሸከም ያለው አቅም ነው። አንቲቦዲ ዘወትር ቫይረስን አያመክንም፤ አንዳንድ ጊዜ ቫይረሱ በሽታ ወደሚከላከሉት ሕዋሳት እንዲገባ ይረዳዋል። ይህ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ተርጓሚው ግን ይህንኑ «ፀረ» ብሎ በሚጀምር ስም መግለጽ ሲኖርበት ከቋንቋው ጋር ይጋጫል። የግጭቱን ምክንያት ማሳየትና መውጫ መጠቆም የዚህ ሂስ ዓላማ ነው። ዋናዎቹ ምሳሌዎች ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ኮረብታና ከግርጌው ከየካ የተወሰዱ ናቸው፤ ስለ ደም ምርመራ የሚነገረው አማርኛ ከሕዝብ ኑሮ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘባቸው ሁለት ቦታዎች በዚያ ይገኛሉና።

1. የቃሉ አመሠራረት

«ፀር» በግእዝ ጠላት ማለት ነው፤ ብዙው «አፅራር» ነው። «ፀረ» የሚለው ይኸው ስም ከዘርፉ ጋር ሲናበብ የሚይዘው ቅርጽ ነው። ስለዚህ «ፀረ ሰላም» የሰላም ጠላት፣ «ፀረ ተባይ» የተባይ ጠላት ማለት ይሆናል። ቃሉ በአማርኛ እንደ ቅድመ ቅጥያ ሆኖ በብዛት የተስፋፋው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ነው፤ «ፀረ አብዮት»፣ «ፀረ ሕዝብ» የሚሉትን የማያስታውስ የዚያ ዘመን አንባቢ የለም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ፀረ» የሚያመለክተው ጠላትነትን፣ ያውም ዓላማ ያለውን ጠላትነት ነው።

የባዕዱ ስያሜ መነሻ ጀርመንኛ ነው። ፖል ኤርሊክ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1891 «አንቲኮርፐር» የሚለውን ቃል ሲጠቀም፣ በጊዜው የነገሩ ማንነት ስላልታወቀ፣ መርዝን የሚቃወም አንድ ነገር አለ ለማለት ያህል ነበር። ከዚያ ቀጥታ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ፀረ አካል» ይሆናል። ይህ ግን በግእዙ ንባብ የአካል ጠላት ማለት ስለሆነ ትርጉሙን ፈጽሞ ይገለብጠዋል። በመካከሉ «እንግዳ» የሚለውን ያስገባው ሰው ይህን አደጋ ያስተዋለ ይመስላል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። «ፀረ እንግዳ አካል» ቢያንስ ጠላትነቱ በማን ላይ እንደሆነ ይናገራል።

ሆኖም ሦስት እንከኖች ይቀራሉ። የመጀመሪያው የሰዋስው ነው። ስያሜው ለሁለት ዓይነት አከፋፈል ይመቻል፤ «የእንግዳ አካል ጠላት» ወይም «ፀረ እንግዳ የሆነ አካል»። በነጠላ ሲነገር ችግሩ ጎልቶ አይታይም። በብዙ ቁጥር «ፀረ እንግዳ አካላት» ሲባል ግን የበዙት ጠላቶቹ ናቸው ወይስ እንግዶቹ አካላት? በመጀመሪያው አከፋፈል የበዙት እንግዶቹ ናቸው፤ ጸሐፊው ሊያበዛ የፈለገው ግን ሌላውን ነው። አንድ ዓይነት ቫይረስ ብዙ ዓይነት አንቲቦዲ እንዲሠራ የሚያደርግ በመሆኑ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው «እንግዳ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሰውነት በራሱ ሕዋሳት ላይ የሚያነሣሣው አንቲቦዲ አለ፤ የመገጣጠሚያ ብግነትና የእንቅርት ዕጢ ሕመም ከሚያስከትሉት መካከል እንዲህ ያለው ይገኝበታል። ይህን በአማርኛ ለመጥቀስ የተነሣ ተርጓሚ «የገዛ አካልን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል» ለማለት ይገደዳል። ይህም ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ሐረግ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው «ፀረ» በሚለው ላይ ነው። ይህን ለማየት የነገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

2. የነገሩ ጠባይ

አንቲቦዲ ሁለት ክንድና አንድ ግንድ አለው። ክንዶቹ ከቫይረሱ ገጽ ጋር ይያያዛሉ። ግንዱ ደግሞ ሞኖሳይትና ማክሮፌጅ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትና መሰሎቻቸው በገጻቸው ላይ ካላቸው ተቀባይ ጋር ይገጥማል። ብዙውን ጊዜ ውጤቱ መልካም ነው። አንቲቦዲው ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበትን ክፍል ሸፍኖ ያመክነዋል፤ ወይም ማክሮፌጁ በግንዱ ይዞ ቫይረሱን ውጦ ይፈጨዋል።

የአንቲቦዲው መጠን ሲያንስ ወይም የተያያዘበት ቦታ ቫይረሱን የማያመክን ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ግንዱ ከተቀባዩ ጋር መግጠሙን አይተውም፤ ሕዋሱም ሕያው ቫይረስ ይውጣል። ቫይረሱ በዚያ ሕዋስ ውስጥ መራባት የሚችል ከሆነ አንቲቦዲው መግቢያ በር ከፈተለት ማለት ነው።

ሮይል ሆክስ የተባለው የአውስትራሊያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 በቤተ ሙከራ ይህን የመሰለ ውጤት አሳይቷል። ስኮት ሆልስቴድና ባልደረቦቹም በታይላንድ ከታዩት የደንጊ ትኩሳት ሕሙማን ተነሥተው ነገሩን አስፋፉት። የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት ታሞ የዳነ ሰው ለዚያው ዓይነት የጸና መከላከያ ያገኛል፤ በሌላው ዓይነት ሁለተኛ ሲያዝ ግን ለከባድ ሕመም የመጋለጡ ዕድል ይጨምራል። ከእናታቸው የደንጊ አንቲቦዲ የወረሱ ሕፃናትም አንቲቦዲው በሚያመክንበት መጠን ሳለ ይጠበቃሉ፤ መጠኑ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ከስድስተኛው ወር በኋላ፣ በመጀመሪያው መያዛቸው እንኳ በጠና ሲታመሙ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኒካራጓ የወጣ የረጅም ጊዜ ጥናትም አደጋው የሚበረታው መጠኑ መካከለኛ ሲሆን መሆኑን በሰዎች ላይ አረጋገጠ። ሲበዛም ሲጠፋም አደጋው ይቀንሳል።

ደንጊ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በድሬዳዋ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ታይቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትመቸው በቆላ እንጂ በእንጦጦ ከፍታ አይደለም፤ ስለ በሽታው በአማርኛ የሚጻፈው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ተጽፎ ወደ ቆላ ይወርዳል። የስያሜው ስሕተት ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው።

በኮቪድ 19 ረገድ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ቫይረሱ ከአንቲቦዲ ጋር ተያይዞ በተቀባዮቹ በኩል ወደ ሞኖሳይት እንደሚገባ አሳየ። እዚያ ግን መራባት ጀምሮ ይቋረጥበታል፤ ሌላ ሕዋስ የሚይዝ ቫይረስ አይወጣም። ሕዋሱ ሲሞት የሚለቀው ነገር ግን ብግነትን ያነሣሣል። በዚያው ጥናት ከተከተቡ ሰዎች የተወሰደው የደም ውሃ እንዲህ ያለውን አገባብ እንዳላገዘ ተመልክቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መግባት፣ መራባትና ሕመም መባባስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በአማርኛ ለሦስቱ ሦስት ቃል ከሌለን ይህን የመሰለ ጥናት ልንተርክ አንችልም።

3. ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች፤ እንጦጦና ኮተቤ

ከላይ የተነገረው የባለሙያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ስለ አንቲቦዲ ያለን አማርኛ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት፣ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ከነገሩ ርቋል።

የመጀመሪያው በኤች አይ ቪ ጊዜ ነው። የቫይረሱ ምልክት በኢትዮጵያ ደም ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1984፣ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «በቫይረሱ የተለከፈ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነበር። «ልክፈት» ለኢንፌክሽን አቻ እንዲሆን የታሰበ ቃል ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ ግን «ልክፍት» የራሱ የቆየ ትርጉም አለው። የሚለክፈው መንፈስ ነው፤ የተለከፈውም የሚሄደው ወደ ጸበል ነው። በእንጦጦ ጸበል ፈውስ ፍለጋ በብዙ የሚቆጠሩ ሕሙማን በሰፈሩባቸው ዓመታት ይህ የቃል ድርብነት ከንቱ ጉዳይ አልነበረም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ጀምሯል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ፓትርያርኩ ያስታረቋቸው ሁለት የፈውስ መንገዶች፣ በቋንቋው ውስጥ በአንድ «ለከፈ» በሚል ግሥ ሥር ተጣብቀው የነበሩ ናቸው።

«የተለከፈ» ሰውን የሚያዋርድ ሆኖ ስለታየ በቦታው «ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የተገኘ» የሚለው ተተካ። አክብሮቱ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን የተለመደው ፈጣን ምርመራ በዋነኛነት የሚፈልገው አንቲቦዲውን ነው። በአዋቂ ሰው ዘንድ የአንቲቦዲው መገኘት ቫይረሱ ለመኖሩ ማስረጃ ስለሆነ አነጋገሩ ጉዳት አያመጣም። በሕፃን ዘንድ ግን ያመጣል። የእናት አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ፣ በቫይረሱ ያልተያዘ ሕፃንም እስከ 18 ወር ድረስ በዚህ ምርመራ አንቲቦዲ ሊገኝበት ይችላል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ቫይረሱን ራሱን በሚፈልግ ሌላ ምርመራ ነው። «አንቲቦዲ ተገኘበት» እና «ቫይረስ ተገኘበት» የሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አንድ ሆነው ከተነገሩ፣ እናቲቱ ያልሆነውን ሰምታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ሁለተኛው በኮቪድ 19 ጊዜ ነው። በሀገሪቱ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲታወቅ፣ ሕሙማንን ለይቶ ለማከም የተመደበው በየካ የሚገኘው የኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የክትባቱ ዘመቻ የተጀመረው በዚያው ነው። በእነዚህ ወራት «ፀረ እንግዳ አካል አዳበረ» የሚለው ሐረግ «ከእንግዲህ አይታመምም» ከሚለው ጋር በአንድነት ይነገር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አንቲቦዲ መገኘቱ ሰውየው ዳግም እንደማይያዝ የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳልሆነ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ሲገለጽ «ፀረ እንግዳ አካል ያለው ሰው ጥበቃ ላይኖረው ይችላል» የሚል ይሆናል። አድማጩ ጠላቱ በደሜ ውስጥ ቆሞ ሳለ ጥበቃ የለህም እንዴት ይሉኛል ቢል አይፈረድበትም።

በእንጦጦ ጊዜ አንቲቦዲውን በቫይረሱ ስም ጠራነው፤ በኮተቤ ጊዜ በመከላከያ ስም ጠራነው። በራሱ ስም የጠራነው በየትኛውም አይደለም። አንቲቦዲ ሰውነት ከአንድ ነገር ጋር መተዋወቁን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ያ ትውውቅ ለጥበቃ፣ ለምንም ወይም ለጉዳት መዋሉ ገና በሌላ ማስረጃ የሚታወቅ ነው።

4. የተርጓሚው ዐረፍተ ነገር

ለምሳሌ ያህል ስለ ደንጊ የሚናገር አንድ የሳይንስ ዐረፍተ ነገር በተለመዱት ስያሜዎች ብቻ ወደ አማርኛ እንመልስ፦ «ፀረ እንግዳ አካሉ እንግዳውን አካል ወደ መከላከያው ሕዋስ አስገባው።» ከሰዋስው አንጻር እንከን የለበትም። አንባቢው ግን የሚያነበው የእንግዳው ጠላት እንግዳውን እጁን ይዞ ወደ ምሽግ አስገባው የሚል ነው። ጥንቁቅ አራሚ ይህን ሲያይ ተርጓሚው አሉታውን የዘለለ መስሎት «አላስገባውም» ብሎ ሊያርመው ይችላል። ስያሜው እውነተኛውን ዐረፍተ ነገር ስሕተት ያስመስለዋል፤ ከሁሉ የከፋው ጉዳቱም ይህ ነው።

ለክስተቱ ራሱ ስም ሲፈለግም ጥንቃቄ ያሻል። «ማጎልበት» አይሆንም፤ አቅምንና መልካም ነገርን እንጂ በሽታን አናጎለብትም። «ማባባስ» የሚነገረው ለሕመሙ ነው፤ በኮቪድ 19 እንዳየነው ደግሞ የቫይረስ ወደ ሕዋስ መግባትና የሕመም መባባስ አንድ አይደሉም። «ማገዝ» ከሁለቱ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም የሥራውን ባለቤት ለቫይረሱ ትቶ አንቲቦዲውን ረዳት ብቻ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ «አጋዥ አንቲቦዲ» ብሎ መተው አይበቃም፤ አንባቢው ለሕመምተኛው የሚያግዝ ይመስለዋልና። «ቫይረስ አጋዥ» ተብሎ የሚታገዘው ሊጠቀስ ይገባል።

ለማምከን ግን አማርኛ የታደለ ነው። ፈንጂ ይመክናል፤ ቦታውን ሳይለቅ ጉዳት የማድረስ ኃይሉን ያጣል። አንቲቦዲ ቫይረስን የሚያደርገውም በትክክል ይህንኑ ነው።

5. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ እንግሊዝኛውም «አንቲ» ይላል፤ ታዲያ እነርሱን ያልጎዳ እኛን ስለምን ይጎዳል ይባል ይሆናል። መልሱ የቃላቱ ሕይወት የተለያየ መሆኑ ነው። «አንቲ» ከግሪክ የመጣ መስተዋድድ ነው፤ የዛሬው ተናጋሪ በስያሜው ውስጥ ተሟሙቶ ስለጠፋበት ለብቻው አይሰማውም። «ፀር» ግን በአማርኛችን ሕያው ስም ነው፤ «የሰላም ፀር» ስንል ዛሬም ይሰማናል። በተጨማሪም በእነርሱ ቋንቋ ስያሜው አምካኝ፣ ተያያዥ፣ አጋዥ የሚሉ ቅጽሎችን ተቀብሎ ተከፋፍሏል። «ቫይረስ አጋዥ ፀረ እንግዳ አካል» ግን ገና ከአፍ ሲወጣ ይጋጫል።

ሁለተኛ፣ ስያሜ አስቀድሞ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግእዝና ከሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች ይፈለጋል፤ ባዕድ ቃል የመጨረሻው ነው የሚለው የቃላት ሥራችን ልማድ አለ። ልማዱን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ የተደረገው አንባቢው እንዲገባው ነው። «ቫይረስ»፣ «ፕሮቲን»፣ «ቫይታሚን» በድምፃቸው ገብተው ማንንም አላወኩም። ግልጽ መስሎ የሚያሳስት የሀገር ቃል፣ ትርጉሙን ከትምህርት ከሚያገኝ ባዕድ ቃል የበለጠ ይጎዳል።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ አንቲቦዲ ቫይረስን ሊያግዝ ይችላል ብሎ በአማርኛ መጻፍ ሕዝቡን ከክትባት ያሸሻል የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። በፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2017 ከ800 ሺህ በላይ ሕፃናት የደንጊ ክትባት ከተሰጣቸው በኋላ፣ ቀድሞ በደንጊ ተይዘው በማያውቁት ላይ ለከባድ ሕመም መጋለጥ ሊጨምር እንደሚችል አምራቹ ራሱ አስታወቀ፤ ከዚያም ሕዝቡ በሌሎች ክትባቶችም ላይ የነበረው እምነት ወረደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን ዝም ማለት አይደለም። የኩፍኝ፣ የፖሊዮና የቢጫ ወባ ክትባቶች የሚሰጡት መከላከያ በብዙ አሥርት ዓመታት ልምድ የተረጋገጠ ነው፤ ማገዝ በጥቂት ቫይረሶች፣ በተወሰነ ሁኔታ የሚታይ ነው። ይህን ልዩነት ለሕዝብ ማስረዳት የሚችል ልዩነቱን የሚሸከሙ ቃላት ያሉት ቋንቋ ብቻ ነው። ሁሉንም «ፀረ» ብለን ካስተማርን፣ አንዱ ማገዙ የተሰማ ዕለት ሕዝቡ ሁሉንም ይጠረጥራል።

6. የመፍትሔ ሐሳብ

በዚህ መሠረት የሚከተሉት ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቀርበዋል።

ሀ) በባለሙያ ጽሑፍ ዋናው ስያሜ «አንቲቦዲ»፣ ብዙው «አንቲቦዲዎች» ይሁን። ለሕዝብ በሚጻፈው ውስጥ መጀመሪያ ሲጠቀስ «በተለምዶ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው» የሚል ይጨመርበት።

ለ) ሦስቱ ሥራዎች በሦስት ግሥ ይለዩ፦ መያያዝ፣ ማምከን፣ ማገዝ። ከዚህም «ተያያዥ አንቲቦዲ»፣ «አምካኝ አንቲቦዲ»፣ «ቫይረስ አጋዥ አንቲቦዲ» ይገኛሉ። ክስተቱ «በአንቲቦዲ የታገዘ ኢንፌክሽን» ይባል።

ሐ) «መከላከያ» የሚለው ቃል ጥበቃው በሰው ላይ ለተረጋገጠበት ብቻ ይቀመጥ፤ ለአንቲቦዲ ተለዋጭ ስም ሆኖ አይግባ።

መ) የምርመራ ውጤት ሲነገር የተገኘው ነገር በስሙ ይጠራ። አንቲቦዲ ከሆነ «የኤች አይ ቪ አንቲቦዲ ተገኝቷል»፤ ቫይረስ ከሆነ «ቫይረሱ ተገኝቷል»።

ለመዝገበ ቃላት የሚሆነው ፍቺ እንዲህ ሊቀርብ ይችላል።

አንቲቦዲ፣ ስም፤ ብዙ፣ አንቲቦዲዎች። ሰውነት ከአንድ ባዕድ ነገር ወይም ከገዛ ሕዋሱ ጋር የሚያያዝ አድርጎ የሚሠራው፣ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች የሚገኝ ፕሮቲን። የተያያዘውን ነገር ሊያመክን፣ በነጭ የደም ሕዋሳት እንዲዋጥ ሊያደርግ፣ በአንዳንድ ቫይረሶችም ወደ ሕዋስ መግባትን ሊያግዝ ይችላል። መገኘቱ ብቻ የበሽታም የጥበቃም ማረጋገጫ አይደለም። በተለምዶ፦ ፀረ እንግዳ አካል።